ስምንት ወር የደበቅሁት

ሐሙስ፣ ጥር 23

ውድ ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል?

እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ «ዛሬ እንኳ አትዋሽ» አለችኝ። እሺ፣ ታምሜ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ከሰገራዬ ጋር ደም ሳይ ኪንታሮት ነው ብዬ ዝም አልኩ። የልብስ ሰፊ ነገር፣ ተቀምጦ መዋል ያመጣው መሰለኝ። ለሴት ልጅ የሚነገርም አይደለም። አንድ ቀን ተንበርክኬ የሰው ሱሪ ስለካ መነሳት አቃተኝ፤ ደንበኛው ራሱ ደግፎ ሐኪም ቤት ወሰደኝ።

በካሜራ አዩኝና ትልቁ አንጀቴ መጨረሻ አካባቢ ዕጢ አገኙ። ሐኪሟ በዕድሜ ካንቺ ብዙ አትበልጥም።

«ዶክተር፣ ሆዴን ከላይ እስከ ታች ሊተረትሩት ነው?» አልኳት።

«የለም አባቴ፣ አራት ትንንሽ ቀዳዳ ይበቃናል። በአንዷ ካሜራ፣ በሌሎቹ ቀጫጭን መሣሪያ እናስገባለን። ካልተመቸን ግን እንከፍታለን፤ ከወዲሁ ልንገርዎት።»

አልከፈቱም። ስንዝር የምታህል አንጀት ከነዕጢዋ ቆርጠው ከእምብርቴ ስር በጠባብ ቀዳዳ አወጧት፤ ቀሪውን አገናኙት። በማግስቱ ነርሷ «ይነሱ፣ ይራመዱ» ብላ በኮሪደሩ አስኬደችኝ። በአምስተኛው ቀን ቤቴ ገባሁ። ስፌቱን በመስታወት አየሁት፤ እኔም እንዲህ አልሰፋም።

የሰርግሽ ዕለት ሱቄን ከፍቼ ስሰፋ ዋልኩ። ደውለሽ «አባዬ፣ አንተ አንጀት የለህም» አልሽኝ። ይኸው ሐኪም በካሜራ አየችው፤ አለኝ። ስቀሽ እንደሆነ ደስ ይለኛል። ያልሽው ግን እውነት ነበር። አጥፍቻለሁ።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ጉዳይ ልምጣ። አያትሽም፣ አባቴ፣ ደም እያየ ነው የሞተው፤ ኪንታሮት ነው እያልን ቀበርነው። ይህን ስነግራት ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ልጅ አለዎት?»

«አንዲት።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«አርባ እስኪሞላት አትጠብቅ። ትታይ።»

ስለዚህ ልጄ፣ አትፍሪ፣ እፍረትም አይያዝሽ። አባትሽን እፍረት ሊገድለው ነበር። ሄደሽ ታዪ፤ ባልሽም አብሮሽ ይሂድ።

እኔ ሰኞ በደም ስር የሚሰጥ መድኃኒት እጀምራለሁ። ለጥንቃቄ ነው። እናትሽ የላቦራቶሪውን ወረቀት ካነበበች ወዲህ እህል አትቀምስም፤ ድካም ይሆናል።

ለክረምት እንመጣለን ብላችሁ ለእናትሽ ነግራችኋታል አሉ። ክረምት ሩቅ ነው፣ ልጄ። ከቻላችሁ ሁለታችሁም አሁን ኑ።

ደጃችሁን ክፉ አይርገጠው፤ የልባችሁ ይሙላላችሁ።

አባትሽ