እኔና አንቺ ብቻ የምናውቀው ቃል

ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ፣ ለእትዬ ቨርዴል፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ብርዱ ሲገባ እንደ አምናው ጠዘጠዘሽ ወይስ ዘንድሮ ማረሽ? ያ ሳልሽስ ለቀቀሽ? ኦሪን በቆሎውን ሰብስቦ ጨረሰ? ልጅሽ ትዋይላስ ልጇን ጡት አስጣለች? እኔ ለሰውነቴ ደኅና ነኝ፤ ከዚህ ሌላ የሚያኮራ ወሬ የለኝም።

የዛሬ ሳምንት ገደማ፣ እሁድ ዕለት፣ ኦሪን ስልክ ደወለልኝ። ባልሽ ወሬ እንደማያበዛ ታውቂያለሽ። በቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ የድንች ትሪ ከእጅሽ ሲያመልጥ፣ አንዱ ጎረምሳ ከኋላ “በሉ፣ እጃችሁን ታጠቡ!” ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹም በሳቅ አውካካ አለኝ። አንቺ ካፖርትሽን እንኳ ሳታነሺ በእግርሽ ወደ ቤት ሄድሽ አሉ። “ምን ሆና ነው? ባንተ የቴሌቪዥን ፕሮግራም እኮ ነው የሳቁት፤ ደስ ሊላት አይገባም?” አለኝ። እሱ ቃሉ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ጎረምሳውም አያውቅም።

አባባን ጎተራው ውስጥ እህል ተንዶ የቀበረው ቀን እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እማማ ቀድማ ሞታለች። ሰዎቹ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በራችን ላይ ቆመው ሲያረዱሽ አላለቀስሽም። ወደ እኔ ዞረሽ፣ “በል፣ እጅህን ታጠብ” አልሽኝና ራቴን አቀረብሽልኝ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ እናትም አባትም ሆንሽኝ።

በትምህርት ቤት ቴአትር ንጉሥ ስሆን ካባዬን ከመጋረጃ የሰፋሽልኝ አንቺ፤ አውቶቡስ ላይ ያሳፈርሽኝም አንቺ። እዚህ ሎስ አንጀለስ ስንት ዓመት የምግብ ቤት ሳህን አጠብኩ። በቴሌቪዥን ከፈረስ የሚወድቅ ሽፍታ ሆንኩ፤ በሳሙና ማስታወቂያ ውሻ አጠብኩ። ሬሳ ሆኜ በታየሁበት ቀን ሳይቀር ጎረቤት ጠርተሽ፣ “አያችሁልኝ? ወንድሜ እንዴት አሳምሮ እንደሚሞት!” ማለትሽን ሰምቻለሁ።

ይህ አባወራ ሆኜ የምጫወትበት ኮሜዲ ሲገኝ፣ በመጀመሪያው ቀረጻ ጣሪያው በምሳ ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ የተጻፈልኝ ቃል ከአፌ ጠፋ። መብራቱ፣ የተሰበሰበው ሰው፤ ፈራሁ። ስፈራ የምትመጪልኝ አንቺ ነሽ። “በል፣ እጅህን ታጠብ” የሚለው ቃልሽ ሳላስበው አመለጠኝ። ተመልካቹ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አዘጋጁ ሮጦ መጥቶ፣ “ይቺን በየሳምንቱ እፈልጋታለሁ!” አለኝ። ያኔ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን እትዬ፣ ሳቁ ጣመኝ። አሁን በሸሚዝ ላይ ሳይቀር ታትማለች።

ከኦሪን ስልክ በኋላ አዘጋጁን ቃሉ ይውጣልኝ ብዬ ለመንኩት። “አንተ ሰው፣ ጤነኛ ነህ? ሕዝቡ የሚመጣው ለሷ እኮ ነው” አለኝ። ዓርብ ዕለት ቀረጻው ላይ ሰዓቱ ሲደርስ ዝም አልኩ። ተመልካቹ ጠበቀኝ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ፣ “በል እንጂ! ምን ዘጋህ?” ብላ ጮኸች። ልቤ ከዳኝ፤ ተናገርኩት። ቤቱ በጭብጨባ ሲናጋ እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሳላስበው ያደረግኩትስ ይሁን፤ ዓርብ ግን አውቄ ነው ያዋረድኩሽ። ከዚያ ወዲህ ፊቴን ስላጭ እንኳ መስታወቱን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።

ውሌ እስከ ፀደይ ነው። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቃል አልጫወትም ብዬ ዛሬ ጠዋት ነግሬያቸዋለሁ፤ ሌላ ሰው ይተኩብኝ ይሆናል። እስከዚያ ግን ቃሉን መስማትሽ አይቀርም፤ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም።

ኦሪንን አትቆጪው፤ እንኳን ደወለልኝ። ትዋይላን ሳሚልኝ፣ የሕፃኑንም ጉንጭ። ልጅሽ ላይል የላከልኝን የዓሣ ፎቶ ግድግዳዬ ላይ እንደሰቀልኩት ንገሪው። አክስት ኢዶናን፣ መስማት ባትችልም፣ በጆሮዋ ጮኸሽ ሰላም በይልኝ።

የትውልድ ከተማችን ከንቲባ ደውለው በምስጋና ቀን በዓል ሰልፍ ላይ ያችን ቃል ከመድረክ እንድናገርላቸው ጠርተውኝ ነበር። ለሰልፉ አልመጣም፣ በዚያ ሰሞን ግን ብቅ እላለሁ አልኳቸው። “እንግዲያስ ሆቴል እንያዝልህ?” ቢሉኝ፣ “አያስፈልግም፤ እኅት አለችኝ” አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ፣ ዋሽቻቸው እንዳይሆን ብዬ ተጨነቅሁ።

ያሳደግሽው ወንድምሽ ዴልመር
ሎስ አንጀለስ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 1974