ልጄ የምትማረው

ጥር 9

ሦስት የመስኮት መስታወት ቆረጥኩ። አንዱ ከመሃል ተሰነጠቀብኝ... እጄ እያረጀ ነው መሰለኝ። ከሰዓት ልብስ ሰፊዋ በሱቄ በር ስታልፍ እንደ ልማዷ ጮክ ብላ፣ «የዶክተሯ አባት! ዛሬም ምሳ ሳትበላ ዋልክ?» አለችኝ። ሳቅኩላት።

ልጄ ዶክተር አይደለችም። ሕክምናም ተምራ አታውቅም። ይኸው ጻፍኩት።

እናቷን የቀበርን ሰሞን ነው። ቤቱ ሙሉ ሰው፤ የእናቷ ጓደኛ ልብስ ሰፊዋም አለች። አንዱ «ትንሿ ዩኒቨርሲቲ ገባች አሉ፣ ምን ደረሳት?» ሲለኝ «ሕክምና» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ እንዳልል፣ አላመለጠኝም። የገባችው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጥናት የሚባል ነው፤ የዚያ አካባቢ ባህል፣ ታሪክ፣ ፖለቲካ። ደርሷትም አይደለም፣ ራሷ መርጣ። ምን ብዬ ልንገራቸው? አፈርኩ። ይኸው አራተኛ ዓመቷን ያዘች። ለፈጣሪ እንኳ ስጸልይ ዙሪያውን እዞራለሁ እንጂ ነገሩን በስሙ ጠርቼው አላውቅም።

ጥር 11

ልጄ ሚጣ አልደወለችም። ዛሬ የገዛ ድምፄን የሰማሁት ለደንበኛ «ስንት በስንት ነው?» ስል ብቻ ነው።

ጥር 14

ያለፈው እረፍት ትዝ አለኝ... ሚጣ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ልብስ ሰፊዋ የደም ግፊት ክኒኗን ይዛ ከተፍ። «ዶክተርዬ፣ ይሄ ነገር ያዞረኛል፣ ልተወው?» ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። «እንዳይተዉት፣ ያዘዘልዎትን ሐኪም ይጠይቁት» አለቻት።

በሩ ሲዘጋ፣ «አባዬ፣ ያፈርከው በትምህርቴ ነው በእኔ?»

መስታወት ልቆርጥ ብዬ ወደ ሱቄ ወጣሁ። በማግስቱ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስትደውል «ደህና ነህ? ደህና ነኝ» ብቻ። በአንቺ አይደለም ማለት ይሄን ያህል ይከብድ ነበር? እናቷ ብትኖር ይሄ ነገር አንድ ቀን አያድርም ነበር። ከእሷ ምንም ደብቄ አላውቅም። መደበቅ የጀመርኩት እሷን ከቀበርኩ በኋላ ነው።

ጥር 17

ልብስ ሰፊዋ እያነከሰች ነው።

«ምን ሆነሽ?»

«መርፌ ረግጬ። ቀላል ነው።»

ቀላል አይደለም። ትንሿ ጣት ጠቁራለች፤ ሽታም አላት። ስኳር ያለባት ሴት!

«ሐኪም ቤት ሂጂ እንጂ!»

«ወረፋ ስጠብቅ ልዋል? የራሴ ዶክተር በየካቲት ትመጣለች ብለኸኝ የለ!»

«እሷ እኮ... እግር አይደለም የምታየው።»

«ሂድ ወዲያ! እግሬን ትታ ጭንቅላቴን ልታይልኝ ነው?» ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ይቅር ይበለኝ... ሳቅኩ።

ጥር 18

ጠዋት ለጸሎት ቆምኩ፤ ቃል እምቢ አለኝ። ያ ጣት ዓይኔ ላይ ነው። ለልብስ ሰፊዋ እውነቱን ልንገራት... ግን «ታዲያ ምንድነው የምትማረው?» ብትለኝስ? ስሙን እንጂ ነገሩን አላውቅም። አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም! ደወልኩ።

«ምን ሆንክ?» አለች ሚጣ ደንግጣ።

«ደህና ነኝ። ሚጣዬ... ምንድነው የምትማሪው?»

«አሁን ነው የምትጠይቀኝ?»

«አሁን ነው።»

መጀመሪያ እየቆጠበች፣ በኋላ እየፈጠነች ነገረችኝ። ካምቦዲያ ውስጥ አንድ ወንዝ አለ፤ ክረምት ሲሆን ሽቅብ ወደ ሐይቁ ይፈሳል፣ በጋ ሲገባ ተመልሶ ይወርዳል። «ቀልድሽን ነው!» ብላት «እውነቴን ነው አባዬ!» ብላ ሳቀች። ስንት ጊዜዬ ነው ሳቋን ከሰማሁ? ሐይቁ ላይ በተንሳፋፊ ቤት የሚኖሩ አሉ። የላይኞቹ አገሮች ግድብ ሲሠሩ የታቹ ዓሣ አጥማጅ ምን ይሆናል፣ ማን ከማን ጋር ይደራደራል፣ የጥንት ነገሥታት ውሃውን እንዴት ይይዙት ነበር... የመመረቂያ ጽሑፏ ስለዚሁ ነው። ቋንቋቸውንም ጀምራለች። ይሄ ሁሉ በልጄ ራስ ውስጥ ሲዞር እኔ የት ነበርኩ?

«በአንቺ አፍሬ አላውቅም» አልኳት። «በማላውቀው ነገር ነው ያፈርኩት።»

አለቀሰች መሰለኝ። ወይ መስመሩ ነው።

ስለ ልብስ ሰፊዋ እግር ነገርኳት። ድምፅዋ ተለወጠ። «አባዬ፣ ነገ እንዳትል። ስልኩን ዝጋና ሂድ።»

ያው ጥር 18፣ አመሻሽ

ከሐኪም ቤት መመለሴ ነው። አስተኝተዋታል። «እግሯ ይተርፋል፤ ስለ ጣቷ ግን ቃል አንገባም» አሉኝ። ጣቷ ብትሄድ የእኔ እጅ አለበት። ይሄንንም እዚሁ ልጻፈው።

ጠዋት ስልኩን ዘግቼ ሱቋ ስደርስ ሁለት ሴቶች ልብስ እያስለኩ ነበር። እስኪወጡ ልጠብቅ አልኩ... ከጠበቅኩ እንደማልናገር ገባኝ።

«ልጄ ሐኪም አይደለችም። ሆናም አታውቅም። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ፣ እሷ የለችበትም።»

የስፌት መኪናዋ ቆመች።

«እና ምንድነች?»

«የሩቅ አገር ሕዝብ ታሪክና ፖለቲካ ነው የምታጠናው። ስለ አንድ ወንዝ...»

«ወንዝ! ክኒኔን ለወንዝ ተማሪ ሳሳይ ነው የኖርኩት?»

አንደኛዋ ሴት ሳቋን መያዝ አቃታት። ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም። «በጓደኛዬ ለቅሶ ላይ ቁጭ ብለህ ዋሸኸኝ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

«ስደቢኝ። ግን እየሄድን ስደቢኝ። ተነሺ፣ ታክሲ አቁሜያለሁ።»

«ካንተ ጋር የትም አልሄድም!»

ብቻዋን ተነሳች። እግሯ አልረግጥ አላት። ክንዴን ያዘችና እስከ ታክሲው ድረስ፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ፣ ክብደቷን ሁሉ ጥላብኝ ሄደች።