ናሆም ይውረድ ወይስ እዚያው ይቅር

ሰኞ፣ ኖቬምበር 18፣ 2013። ጠዋት

ዛሬም ቢሮ ገባሁ። ቤት ብቀር እማዬ ምን ሆነሽ ትለኛለች። የቅዳሜውን ዝግጅት ፖስተር ጨረስኩ። ሂማላያ ላይ ያለውን የአማ ዳብላምን ተራራ ቀድመው የወጡ ሰዎች ፎቶ፣ ከሥሩ መ/ቤታችን ለተራራ ወጪዎች የሚሰጠው አደራ፦ ጥቂት ሆናችሁ ሂዱ፣ ተሸካሚውን አክብሩ፣ ይዛችሁ የወጣችሁትን ይዛችሁ ውረዱ። የመጨረሻዋን የጻፍኳት እኔ ነኝ። ያኔ ወንድሜ ናሆም በሕይወት ነበር።

ደብተሬ፣ ላንተ ብቻ ነው የምናገረው። ናሆም እዚያው ተራራ ላይ ሰው ጥሎት የሄደውን ድንኳንና ቆርቆሮ ሊያወርድ ወጥቶ በረዶ ተናደበት። ዘጠነኛ ቀኑ ነው። እማዬ አታውቅም።

ማክሰኞ፣ 19

የእማዬ ወንድም ጋሼ ተፈራ ስማይርና ከሚባለው ከጎረቤት ከተማ መጡ። መርዶውን ያቆዩት እሳቸው ናቸው። ደም ግፊት አለባት፣ አስከሬኑ ይምጣና ልጇን አቅፋ ታልቅስ አሉ። ሽማግሌ ተናገረ፣ ዝም አልን። እኔ ተራራ ላይ ኔትወርክ የለም እያልኩ እዋሻለሁ።

እማዬ ለናሆም ካፖርት ገዝታ መጣች። ሰፋ ያለ፣ ሲመለስ ይወፍራል ብላ። ሻወር ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ጌታዬ፣ ምን በደልኩህ?

ኀሙስ፣ 21። ምሳ ሰዓት

ፓሳንግ ደወለ። ከናሆም ጋር ይሠራ የነበረ የዚያው አገር ልጅ። ናሆም ተገኝቷል። ያለበት ገደል ግን ክፉ ነው፣ በረዶው አሁንም ይናዳል። ለማውረድ ስድስት ሰው ያስፈልጋል። እሺ ካልሽ እንወጣለን አለ። አንተም ትወጣለህ? አዎ። ልጆችህስ? አልኩት።

እምቢ ቢለኝ ምን ነበረበት! እስከ ቅዳሜ ስጠኝ አልኩት።

ለጋሼ ነገርኳቸው። ተቆጡ። "ይውረድ እንጂ! ሰው አፈር ሳይለብስ ይቀራል እንዴ?" እውነታቸውን ነው። እኔም ቀብሬው፣ መቃብሩን አውቄው መኖር እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ፣ 23። ከዝግጅቱ በኋላ

አዳራሹ ሞላ። ስለ ቀደምቶቹ ተነገረ፣ ተጨበጨበ። አንዲት ሴትዮ በፎቶው ጥግ ሸክም ይዘው የቆሙትን አሳይታ፣ እነዚህስ እነማን ናቸው አለችኝ። አላውቅም። ስማቸው አልተጻፈም። ፖስተሩን ስሠራ ልብ እንኳ አላልኩትም። አፈርኩ።

አደራውን ሳነብ "ይዛችሁ ውረዱ" ላይ ድምፄ ጠፋ። ሌላ ሰው ጨረሰልኝ።

መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ለፓሳንግ ደወልኩ። አትውጡ። ናሆም እዚያው ይቅር። የሌላ እናት አላስለቅስም። አለቀሰ፣ አለቀስኩ።

ጋሼን ብፈራቸውም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። እንግዲያው የምንጠብቀው የለም፣ ነገ ማልደን እንመጣለን አሉ።

እሑድ፣ 24። ማለዳ፣ ሊነጋ ሲል

መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ሰማሁ። በር ተዘጋ፣ ደግሞ ሌላ በር። እማዬም ሰምታ ተነሥታለች። በመስኮት አይታ፣ "ተፈራ ነው እኮ። ከነሰዎቹ። ምነው በዚህ ጠዋት?" አለች። የኛ ሰው እንዲህ ማልዶ ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ ታውቃለች። የስንቱን በር ራሷ አብራ አንኳክታለች።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠራኛለች። መርዶ የሽማግሌ ነው፣ የቤት ልጅ አይናገርም። ልጇን እዚያ ያስቀረሁት ግን እኔ ነኝ። ሳያንኳኩ ከኔ ትስማው። መጣሁ እማ