በኋላ ማርሽ ዳገት የምትወጣው የነርሷ መኪና ጉዳይ

ለክቡር አቶ ራድሚሎ ቩክሳኖቪች
የራቫን ማዘጋጃ ቤት ከንቲባ

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ በተሟላ ጤንነት፣ በሞቀ ቢሮና በደረቀ ካልሲ ታገኝዎ ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። የእኛን ደኅንነት ለማወቅ ከፈለጉ፣ ከወገብ በላይ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ከወገብ በታች በረዶ ውስጥ ስለሆንን እዚያ ያለውን ነገር የምናውቀው በሚያዝያ ነው።

ደብዳቤዬን በመጽሔት ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። ሦስት ጊዜ በእጄ አምጥቼ ሦስት ጊዜም ጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ስለጠፋ፣ ክብርት ባለቤትዎ ዓርብ ዓርብ ፀጉራቸውን በሚሠሩበት ቤት ደግሞ መጽሔታችን ስለማይታጣ፣ በዚያ በኩል ይደርስዎታል ብዬ ነው።

ጉዳዩ የነርስ ስሚልያና ነው። ስሚልያና በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ጎርኒ ክርሽ መንደር እየወጣች፣ ተራራው ላይ ለቀሩት አሥራ አንድ አዛውንት ኢንሱሊን የምትወጋ፣ ግፊት የምትለካ፣ ቁስል የምታጥብ፣ በዚያውም የታችኛውን መንደር ወሬ ሳታጓድል የምታደርስ ሴት ናት። እርስዎ በጥቅምት ባወጡት መመሪያ ግን፣ ነርሷ "ለበረዶ ወቅት ብቁ የሆነ" የራሷ መኪና ከሌላት ውሏ እንደሚቋረጥ፣ አዛውንቱም ከቤታቸው ተነሥተው ወደ ታች ወደ መጦሪያ ቤት እንደሚወርዱ አስታወቁን። ምክር ቤቱ የሚወስነው በሚመጣው ማክሰኞ ነው። ስለዚህ ከምስጋና ጋር የተቀላቀሉ ጥቂት ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመኪና ምርጫው ስላደረጉልን እገዛ። መመሪያዎ "አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ይመረጣል" ይላል። እውነት ነው፤ እኛም እንመርጣለን። ስሚልያና ሦስት እሑድ ሙሉ የመኪና ገበያ ዞራ፣ አራቱም ጎማዋ የሚነዳ፣ ወለሏም በዝገት ያልተበሳ ትንሽ መኪና ከአምስት ሺህ ዩሮ በታች እንደማትገኝ አረጋግጣለች። በእጇ የነበረው የዚያ ግማሽ አይሞላም። ያዳናት መካኒኩ ኦብራድ ነው። "ስሚኝ እህቴ፣" አላት፣ "በረዶ ላይ የሚሄደው ጎማ ነው እንጂ ስም አይደለም። ቀለል ያለች፣ ጎማዋ ጠበብ ያለ ግዢ። ሰፊ ጎማ በረዶው ላይ ይንሳፈፋል፤ ጠባቡ ቆርጦ ገብቶ መሬት ይይዛል። የተረፈሽን ለአራት አዲስ የበረዶ ጎማ አውጪው።" የተገኘችው መኪና ቀለሟ ትንሽ ተላልጧል ብትለው፣ "ኢንሱሊን ልታደርሺባት ነው ወይስ ሙሽራ?" አላት። እንዲህ ሆኖ የዳቦ ሳጥን የምታክል፣ የፊት ጎማዋ የሚጎትት፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ቀይ መኪና ተገዛች።

፪. ስለ አሸዋው። ክቡርነትዎ መንዳት የተማሩት ሁላችንም እንደምናውቀው በአባትዎ መኪና ነው፤ ያቺ መኪና፣ ነፍሷን ይማርና፣ የኋላ ጎማዋ ነበር የሚነዳው። በዚያ ዘመን በዚህ ተራራ በረዶ ሲጥል ሰው ሁሉ ሁለት ከረጢት አሸዋ ከኋላ ይጭን ነበር፤ ጎማው መሬት እንዲነክስ። እርስዎም ይህን የወጣትነት ትዝታዎን ወደ አስገዳጅ መመሪያ አሳድገው፣ መኪና ያለው ሁሉ ከኋላ ሁለት ከረጢት እንዲጭን አዘዙ። ስሚልያና ታዛዥ ናት፤ ጫነች። ኋላዋ የከበደ፣ ፊቷ የቀለለ መኪና አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለው የመንገድ ጥምዝ ላይ እንደ ሳሙና ተንሸራተተች። ሊጎትታት የመጣው ኦብራድ ከረጢቶቹን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

"ይሄን ማን ጫነልሽ?"

"ማዘጋጃ ቤቱ።"

"እንግዲያው ማዘጋጃ ቤቱ ይግፋሽ።"

አሸዋውን አውርዳ መንገዱ ላይ በተነችው። ዘንድሮ በክርሽ መንገድ ላይ የተበተነ የማዘጋጃ ቤት አሸዋ ይኸው ብቻ ስለሆነ፣ በመንደሩ ስም እናመሰግናለን።

፫. ስለ ቅጣቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሚልያና ዳገቱ ሲብስባት መኪናዋን አዙራ በኋላ ማርሽ ትወጣለች። ፊቷ ወደ ቁልቁለቱ ሲዞር የሞተሩ ክብደት በሚነዱት የፊት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ፣ ወደ ፊት እምቢ ያለው ዳገት ወደ ኋላ እሺ ይላል። የሰማንያ አንድ ዓመቷ እማማ ደሳንካ ከመስኮታቸው ሆነው፣ "መጣችልን፣ ጀርባዋን ሰጥታ መጣችልን፤ ምን አስቀይመናት ይሆን?" ይላሉ። የእርስዎ ደንብ አስከባሪ ግን በረዶውን መጥረግ ባይችልም ክስ መጻፍ ይችላልና፣ "አላግባብ ወደ ኋላ በመንዳት" ብሎ ቀጣት። ክርሽ በደረሰች ቁጥር ትቀጣለች፤ ባትደርስ ደግሞ ትባረራለች።

፬. ስለ ኮሚቴው። ባለፈው ሐሙስ የመኪናዋን ብቃት ክርሽ ድረስ ወጥቶ እንዲመረምር የላኩት ኮሚቴ፣ ማለትም ሰብሳቢው አቶ ሉቢሳቭና ጸሐፊያቸው፣ በማዘጋጃ ቤቱ ትልቅ መኪና መጡ። አራቱም ጎማዋ ይነዳል፤ አራቱም ግን የበጋ ጎማ ነው፣ የበረዶ ጎማው ግዢ ገና ጨረታ ላይ ስለሆነ። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ቆመች፤ ይህን እስክጽፍ ድረስ እዚያው አለች፣ ቁራዎች ወደዋታል። ስሚልያና ሁለቱንም በቀይዋ መኪና ጫነቻቸው። "ጋሽ ሉቢሳቭ፣ እርስዎ ከፊት ይሁኑልኝ፤ ሞተሩ ላይ ክብደት እፈልጋለሁ፣" አለቻቸው። "መኪና ነው የምትነጂው ወይስ በሰው ትቀልጃለሽ?" አሉ፤ ተቀመጡ ግን።

በኋላ ማርሽ ወጡ። እማማ ደሳንካ ቤት የፕለም አረቄ ጠጡ፣ ትኩስ ዳቦ ካይማክ በሚባለው ወፍራም የወተት ቅባት በሉ። የአቶ ሉቢሳቭ ፊት ቀልቶባት ስሚልያና ግፊታቸውን ብትለካ መቶ ዘጠና ሆኖ ተገኘ፤ ክኒን ሰጥታ፣ አስተኝታ፣ ሲሻላቸው አወረደቻቸው። በማግሥቱ የጻፉት ሪፖርት እነሆ፦ "ተሽከርካሪዋ ወደ ፊት ዳገቱን ስለመውጣቷ ማረጋገጥ አልተቻለም። ውሉ እንዲቋረጥ ሐሳብ እናቀርባለን።" የሰብሳቢው የእጅ ጽሑፍ ሳይንቀጠቀጥ ማየታችን አስደስቶናል፤ ክኒኑ እንደሠራ ገብቶናል።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዴን ላቁም። እማማ ደሳንካ በዚያ ቤት ስድሳ ዓመት ኖረዋል፤ ባላቸውን የቀበሩት ከጓሯቸው ሠላሳ እርምጃ ርቀት ላይ ነው። መጦሪያ ቤት ከወረዱ እስከ ጸደይ አይደርሱም፤ ይህን የምለው እኔ ሳልሆን ግፊታቸውን የምትለካው ነርስ ናት። ማክሰኞ እጅዎን ሲያወጡ እባክዎ ይህን ያስቡ።

በረዶ ለማይደርስበት ወንበርዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት፣ ለጉልበትዎም ሙቀትን ከመመኘት ጋር፣

ሚሌቫ ቱርቹሎቪች
ከክርሽ መንገድ፣ ያልተጠረገው በኩል

ማሳሰቢያ፦ ውሉ ተቋርጦ አሥራ አንዱን አዛውንት ለማውረድ መኪና እንደሚልኩ ሰምተናል። ዘንድሮ ክርሽ መድረስ የቻለች መኪና አንዲት ብቻ መሆኗን፣ ባለቤቷንም ማክሰኞ እርስዎ ሊያባርሯት መሆኑን በትሕትና እናስታውሳለን።