ያደረ እሳት

ኅዳር ፲፱ ቀን ፲፱፻፲፩ ዓ.ም.፣ ነቀምቴ

በሽታው መጀመሪያ ከገበያ የመጡትን ያዘ፤ ቀጥሎ ለቅሷቸውን የደረሱትን። አሁን ማንም ከማንም ቤት አይገባም፤ የምንነጋገረው በአጥር ላይ ነው። የደረሰው ጤፍ እንኳ አጫጅ አጥቶ ቆሟል።

ባለቤቴ ደስታ ከተኛች ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። እኔ ለአገረ ገዢው ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ማታ እሳት ማዳፈን አላውቅም ነበር። በየማለዳው ምድጃው ጠፍቶ አገኘዋለሁ። እንደ እናት የማያቸው ጎረቤታችን አዴ ጎንፌ ግን ፍም በገል አድርገው አጥሩ ሥር ያኖሩልኝና፣ ከሩቅ ሆነው «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አመድ አትሰስት፤ ደህና አድርገህ አልብሰው» ይሉኛል።

ትናንት ማታ እንዳሉኝ አደረግሁ። ዛሬ አመዱን ገለጥ ሳደርግ ፍሙ ቀይ እንደሆነ አድሯል። ልነግራቸው ወደ አጥሩ ሮጥኩ። ገሉ የለም። ከጣራቸውም ጭስ አይወጣም። «አካም ቡልታን? እንዴት አደሩ?» ብዬ ሁለት ጊዜ ተጣራሁ።

ፍሜን በገል ይዤ ገባሁ። መደባቸው ላይ ተኝተው ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣቸዋል። እሳት አያይዤ፣ ውሃ አሙቄ አጠጣኋቸው። ዐይናቸውን ገለጥ አድርገው ምድጃውን አዩና፣ «አደረልህ?» አሉኝ።

«አደረልኝ፣ አዴ።»

«እንግዲህ ሂድ። ሁለተኛ እንዳትገባ። ደስታ ካንተ ሌላ ማን አላት?»

ስወጣ እሳታቸውን አዳፈንኩላቸው፤ አመድ አልሰሰትኩም። ነገ ማለዳ ፍሙን አጥሩ ሥር የማኖረው እኔ ነኝ። ብቻ ወጥተው ያንሱልኝ።