አባዬ፣ ኢንሻአላህ እንዳትል የከለከልኩህ ልጅህ ነኝ

ውድ አባዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከሄድክ ሁለተኛው ረመዳን አልፎ ይኸው ሸዋል ገባ። ሰው ሁሉ አንቱ እያለህ እኔ ብቻ አንተ እያልኩ ያደግኩት የመጨረሻ ልጅህ ዘይነባ ነኝ። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልህ የቆየሁት ጊዜ አጥቼ አይደለም። አፍሬ ነው። ዱዓ ሳደርግልህ እንኳ ስምህን ጠርቼ ቶሎ ወደ ሌላው እሸሻለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጅህ ሰይድ ከጅዳ ጠቅልሎ ገብቷል፤ ያፈስ የነበረውን ጣሪያ አስቀየረ። የስፌት መኪናህ ያለችበት ናት። ሊሸጣት ፈልጎ ነበር፣ እንቢ አልኩት። ዘይት እቀባታለሁ እንጂ ክር አላስገባባትም። በረንዳህ ፊት ያለው መንገድ ተቆፋፍሮ ኮብልስቶን እየተነጠፈ ነው፤ ብትኖር ኖሮ አቧራው ጨርቅ አበላሸ ብለህ ከሠራተኞቹ ጋር ስትነታረክ ትውል ነበር። እኔ አሁንም ወረዳ መዝገብ ቤት ነኝ። አንድ ለአምስቱም ግምገማውም እንዳለ ነው።

የዚያን መጽሐፍ ነገር ታስታውሳለህ። ደሴ ለሥልጠና ሄጄ ከመንገድ ዳር አዟሪ ገዝቼ ያመጣሁት፣ የሐሳብን ኃይል አስተምራለሁ የሚለው። ሰው አጥብቆ ያሰበውን ነገር ወደ ራሱ ይስባል፣ የፈለግከውን እንዳገኘኸው ቆጥረህ ተናገር፣ ጥርጣሬ ከአፍህ አይውጣ ይላል። ቢሮ ውስጥ እየተቀባበልን አነበብነው፤ እኔ ግን ከሁሉም ባስኩ። የደረጃ እድገት እንዳገኘሁ አድርጌ በየጠዋቱ መስታወት ፊት አወራ ነበር። አንተ ከበረንዳ ሆነህ ትሰማኝና፣ ልጄ ከማን ጋር ነው የምታወሪው ትለኛለህ። እድገቱን ያገኘሁ ጊዜማ አለቀ፣ መጽሐፉ እውነት ሆነ። ስድስት ዓመት መልፋቴንና አንተ ከየሰላትህ በኋላ እጅህን ዘርግተህ ስትለምንልኝ መኖርህን ማን ቆጠረው።

ያኔ ነው ኢንሻአላህ የምትለውን ቃል የጠላሁት። ለነገሩ ከድሮም እቀልድብህ ነበር። ሱሪው መቼ ይደርሳል ሲሉህ ለኢድ ኢንሻአላህ ትላለህ፤ ለኢድ የተባለው ሱሪ ለአረፋ ይደርሳል። ደንበኞችህ የአንተ ኢንሻአላህ ሁለት ወር ነው እያሉ ይስቁብህ ነበር፣ አንተም አብረሃቸው ትስቃለህ። እኔ ግን ቃሉን የሰነፍ ማምለጫ አድርጌ ያዝኩት።

ከዚያ ታመምክ። ደሴ ወስደንህ ሐኪሙ ጉበቱ ነው ካለን በኋላ ቤት ስንመለስ፣ ከአልጋህ ትይዩ ግድግዳው ላይ በትልልቁ ጽፌ ለጠፍኩ፤ ድኛለሁ፣ ጤነኛ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ጮክ ብለህ እንድትለው አደረግኩህ። አንተም እኔን ላለማስቀየም ትል ነበር። ድኛለሁ ትልና ትንፋሽህን ሰብስበህ በቀስታ ኢንሻአላህ ታስከትላለህ። እኔ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ እሷን ተዋትና እንደገና በል እልሃለሁ። እንደገና ትል ነበር፣ አባዬ። ከታመመ ሰው አፍ የጌታውን ስም ነጠቅኩ። ያንን ድምፅህን አሁን ስብሰባ መሃል፣ ወጥ ሳማስል፣ ሰላት ላይ ለሱጁድ ስደፋ ሁሉ እሰማዋለሁ።

አንድ ቀን፣ አላህ ያለው ሌላ ከሆነስ ብትለኝ ሐዲስ አመጣሁብህ። አላህ ባሪያው እንዳሰበው ነው ይባል የለ፣ ስለዚህ አሳምረህ አስብ አልኩህ። መጽሐፌን በዲን ማጽደቄ ነበር። አንተ ግን፣ ልጄ፣ እሱን አሳምሬ ማሰብማ አሳምሬ ነው የማስበው፣ ማዘዝ ነው ያቃተኝ አልከኝ። ተናደድኩና ምሳ ልሠራ ወጣሁ።

ጠያቂ መከልከሌ ደግሞ አለ። እኛ አገር በሽተኛ ሲጠየቅ ሰው ዱዓውን ያደርጋል፣ ያጫውታል፣ ሲነሳም አውፍ ተባብሎ፣ የተቀያየመውን ይቅር ተባብሎ ነው የሚለየው። መጽሐፌ ግን ከሚያዝኑ ሰዎች ራቅ ይላል፤ እኔም ፊቱ የጠቆረ ሰው አይግባ አልኩ። ጎረቤቱን ሁሉ አላህ ያሽረው እያስባልኩ ከበር መለስኩት። ስለ ኑዛዜህ አፍህን ስትከፍት፣ ሞትን አትጥራ ብዬ ሬዲዮ እከፍትብህ ነበር።

ምን ልትል እንደነበር ግን አውቃለሁ። እህትህን፣ አክስቴን ፋጡማን ነበር የፈለግከው። ልጇ በደላላ ዐረብ አገር የሄደች ጊዜ፣ እሷ የምትኖርበት አቀስታ ለቅሶ ላይ በሰው ፊት ልጅሽን ሸጥሽ ብለሃት ነበር። እሷ ግን እንዳትሄድ የልጇ እግር ላይ ወድቃ ለምና እንዳቃታት ቆይተህ ሰማህ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት እሷ እዚህ መካነ ሰላም አልመጣችም፣ አንተም ኩራት ይዞህ አልሄድክም። ተኝተህ ሳለህ ሦስት ጊዜ፣ ፋጡማን ጥሩልኝ፣ አውፍ ትበለኝ አልክ። እኔ ስትድን ራስህ ትሄዳለህ አልኩህ።

አሁን የምነግርህን አታውቅም። መጥታ ነበር። ከመሞትህ አራት ቀን በፊት፣ ሐሙስ፣ መታመምህን ሰምታ ከአቀስታ በጠዋቱ ሚኒባስ መጣች። ከደጃችን ሳትደርስ ታለቅስ ነበር። እኔ የአጥሩ በር ላይ ቆሜ ተኝቷል አልኳት፤ እንዲህ ሆና ብታይህ እንደሚብስብህ፣ ሲሻልህ እንደምልክባት ነግሬ መለስኳት። አልተኛህም ነበር። ድምፅ ሰምተህ ማናት ብለኸኛል። እንቁላል ሻጭ ናት አልኩህ። ፊትህን ወደ በሩ አዙረህ ብዙ ቆየህ።

ለቅሶህ ላይ መጥታ ጥግ ይዛ አለቀሰች፤ እኔ ዓይኗን ማየት ፈራሁ። መጽሐፉን ቀዳድጄ እሳት ውስጥ ከተትኩት፣ ግን ይህ በወረቀት ማሳበብ ነው። በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ሞትህን ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴን ደግሞ እምነት ነው ብዬ ኮራሁበት። ይባስ ብሎ፣ ከቀበሩህ ማግስት፣ ኢንሻአላህ እያለ አበላሸው እንጂ ይድን ነበር ብዬ በአንተ ተቆጣሁ። በሬሳህ፣ አባዬ። ከዚህ የበለጠ የሚያሳፍር የለኝም።

ባለፈው ሳምንት አቀስታ ሄድኩ። አክስቴ ገብስ እያበጠረች አገኘኋት። ሦስት ጊዜ መጥራትህን፣ የእንቁላሉን ውሸት፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ሰፌዷን አስቀመጠች። ወንድሜንማ ያን ቀን ከቤቴ ስወጣ አውፍ ብዬው ነው የወጣሁት፣ ይህንኑ ልነግረው ነበር የመጣሁት አለችኝ። እኔንስ አልኳት። አንቺን ገና ነኝ አለችና ሰፌዷን አነሳች። ሚኒባሱ እስኪመጣ ድረስ አጠገቧ ተቀምጬ እንክርዳዱን ለቀምኩላት፤ አልከለከለችኝም።

እንግዲህ አውፍ ተብለሃል። ያልደረሰህ በእኔ ነው። ጁምዓ ጁምዓ በስምህ ሰደቃ አወጣለሁ፣ አቀስታም እመላለሳለሁ። ስትስቅ የነበረውን ብቻ መርጬ እንዳላስብህ ደግሞ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። የዚያን ሐሙሱን፣ ፊትህን ወደ በሩ አዙረህ የጠበቅኸውን አስብሃለሁ። አክስቴ አውፍ ብትለኝም አልረሳውም።

ልጅህ ዘይነባ