በ“ያግኙን” ገጽ የመጣው መልእክት

ለምወድሽ እህቴ፣ ለሆዴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ደህንነትሽ እንዴት ነው? ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? ባለፈው ስንደዋወል ድምፅሽ ዘግቶ ስለነበር ልቤ አልረጋም። የቢሮሽ ማሞቂያ ተጠግኖ እንደሆነም አልነገርሽኝም። እኔ ደረጃውን ስወጣ ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆትሽ ግን ደህና አይደለም፤ ውሎ ሲያድር ይብስበታል እንጂ አይሻለውም።

በኢሜይል ለምን አልጻፍሽልኝም እንደምትዪ አውቃለሁ። ለሰው ዌብሳይት እየሠራች የምትኖር ሴት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ስትቀመጥ እኔንም አስቆኛል። ኢሜይሉን ጽፌ ጽፌ ስድስት ጊዜ አጠፋሁት። ወረቀት ግን ቢሰርዙበት እንኳ ምልክቱ ይቀራል፤ የሚቀር ነገር ስለፈለግሁ ነው።

ቢሮአችን ያው ነው። ከማተሚያ ቤቱ በላይ ያሉት ሁለቱ ክፍሎች። ከሰዓት በኋላ ከታች ማሽኑ ሲነሳ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ የሻይ ብርጭቆው ወደ ጫፍ ይንሸራተታል። በአንቺ ቦታ አንዲት የልጅ እናት ቀጥሬያለሁ። ጎበዝ ናት፣ ሳቂታም ናት። “እትዬ” ትለኛለች፤ ማንም ሳይነግራት በራሷ ነው የጀመረችው። የመጀመሪያ ቀን ስትጠራኝ ዘወር ብዬ አንቺን ፈለግሁ።

ሥራው ተለውጧል። አሁን “ለአበባ ሻጭ የሚሆን፣ ረጋ ያለ ቀለም ያለው ገጽ” ብለሽ ብትጽፊለት፣ ኮምፒውተሩ ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ አራት ዓይነት ዲዛይን ይደረድርልሻል። አንቺ አንዲት አረንጓዴ ለመምረጥ ሦስት ቀን ታቃጥዪኝ ነበር! የጥርስ ሐኪሙ ደንበኛችን ግን “በየገጹ ሳቄ ካልታየ” እያለ እስካሁን ያደርቀኛል፤ እሱን የሚያስተካክል ፕሮግራም ገና አልተሠራም። ከኮምፒውተሩ የሚያምር ነገር ይወጣል፣ ሰውም ይደሰታል። እኔ ግን ሥራው ባለቀ ቁጥር “ይሄ ቀለም አልበዛም?” ብዬ አንቺ ትቀመጪበት ወደነበረው መስኮት እዞራለሁ። ከዚያ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

እሺ፣ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ እንደምችልበት ታውቂያለሽ።

ባለፈው ወር የራሳችንን ዌብሳይት ወደ አዲስ ሰርቨር አዛወርነው። አዲሱ ፕሮግራም ድርጅታችን ከተከፈተ ጀምሮ “ያግኙን” በሚለው ገጽ የገቡትን መልእክቶች ሁሉ ለቅሞ፣ መልስ ያላገኙትን ከላይ አስቀመጣቸው። ባልደረባዬ ከማዶ ሆና “እትዬ፣ አራት ዓመት ሙሉ መልስ የሚጠብቅ ሰው አለ። ልሰርዘው ወይስ ትመልሽለታለሽ?” አለችኝ። የማን እንደሆነ ሳትነግረኝ አወቅሁ።

የፎቶ አንሺው ነው።

አዎ፣ እሱ። ለደንበኞቻችን ፎቶ ሊያነሳ ሲመጣ እጅጌውን እስከ ክንዱ ጠቅልሎ፣ በር ላይ ቆም ብሎ “ዛሬስ ማንን እናሳምር?” የሚለው። አውራ ጣቱ ላይ ትንሽ ጠባሳ ነበረችው፤ አንቺ አላስተዋልሻት ይሆናል። ተጣልታችሁ ለሥራ ወደ ወደቡ ከተማ የሄደው፣ ብትደውዪለት ስልኩ ዝግ የሆነብሽ፣ “ከጨከነ እኔም እጨክናለሁ” ብለሽ የተውሽው፣ ግን ያልተውሽው።

አልጨከነም፣ ሆዴ። በሄደ በሦስተኛው ወር ጽፎ ነበር። ቃል በቃል ልገልብጥልሽ፦ “ስልኬ ከነቁጥሮቹ ተሰረቀ። ቢሮ ብደውል አንደበቴ ይተሳሰራል፣ ስለዚህ እዚህ ጻፍኩ፤ ለእህትሽ አድርሺልኝ። የተጣላነው በኔ ጥፋት ነው። ለሥዕል ጠረጴዛዋ የሚሆን ሰፊ መስኮት ያለው ቤት ተከራይቻለሁ። ትመጣ እንደሆነ ትጻፍልኝ። ዝም ካለች መልሷ እሱ ነው ብዬ እቀበላለሁ፤ ሁለተኛ አላስቸግራትም።”

ያን ጠዋት መልእክቶቹን ያነበብኩት እኔ ነኝ። አንቺ ደንበኛችን ክሊኒክ ጋ ስብሰባ ላይ ነበርሽ። ሦስት ጊዜ አነበብኩትና ማንም የማይከፍተው ማህደር ውስጥ ከተትኩት። ለመሰረዝ ድፍረት አጣሁ፣ ለአንቺ ለመስጠትም። ገና ካፖርትሽን ሳታወልቂ “ዛሬ የመጣ ነገር አለ?” አልሽኝ። “የጥርስ ሐኪሙ ብቻ” አልኩሽ። አመንሽኝ፣ ሳቅሽም። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ በየጠዋቱ ያንኑ ጠየቅሽኝ፣ እኔም የለም አልኩሽ። እየከሳሽ ስትሄጂ አየሁ። “እዚህ መስኮት ሥር ተቀምጬ መጠበቅ ሰለቸኝ፤ ሌላ አገር ሥራ አግኝቻለሁ” ያልሽኝ ቀን ልብስሽን እያጣጠፍኩ ሻንጣ ውስጥ የከተትኩልሽ እኔ ነኝ። ያን ቀን እንኳ አልተናገርኩም።

ለምን ትዪኝ ይሆናል። ለራሴ የነገርኩት ይህን ነው፦ የክሊኒኩና የትምህርት ቤቱ ሥራ እጃችን ላይ ነበር፤ ያላንቺ ድርጅቱ አይቆምም። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ፤ አንቺ ብትሄጂ ለኔ ማን አለኝ? ይህ ውሸት አይደለም። ግን ሙሉው አይደለም።

ባልደረባዬን “አትሰርዢው” አልኳትና ራሴ ጻፍኩለት። “መልእክትህን እህቴ አላየችውም። የደበቅኩት እኔ ነኝ” አልኩት፤ ሰበብ አልጨመርኩም። አራት ቀን ጠበቅሁ። በየጠዋቱ ገጹን ከፍቼ ባዶ ሳገኘው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ምን እንዳሳለፍሽ በጥቂቱም ቢሆን ገባኝ። በአምስተኛው ቀን መልስ መጣ። “ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። መናደዴ አይቀርም፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ደህና ናት?” ደህና ናት አልኩት። በማግስቱ በስምሽ አንድ ፋይል ላከ።

አልከፈትኩትም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ፖስታው ውስጥ ባለችው ፍላሽ ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው። አግብቶ ይሁን አላግባ፣ ነይ ይበልሽ ወይስ ደህና ሁኚ፣ አላውቅም። አልጠየቅሁትም፤ የመጠየቅ መብትም የለኝም። ብቻ እባክሽ ለሱ መልሺለት። ለኔ ባትመልሺ አልቀየምም።

አንዲት ነገር ልጨምርና ላብቃ። “ስለ እኛ” የሚለው ገጽ ላይ ያለችውን የሁለታችንን ፎቶ ታስታውሻለሽ? ያነሳን እሱ ነው። ባልደረባዬ በአዲስ ልትቀይራት ከፍታ ብዙ ቆየች። “እህትሽ ኮምፒውተሩን ነው የምታየው። አንቺ ግን እትዬ፣ ፊትሽ እንዲህ የበራው… ካሜራውን የያዘው ማን ነበር?” አለችኝ። “አንድ ፎቶ አንሺ ነው” አልኳት። ፎቶዋን ከገጹ ላይ በራሴ እጅ አወረድኳት።

ፈጣሪ ያጣሻቸውን ዓመታት በደስታ ይካስሽ። ጤናውን ያብዛልሽ። የምትሄጂበትን መንገድ ያቅናልሽ፣ የምትገቢበትን ቤት ሳቅ ይሙላው። ሁልጊዜ ስመርቅሽ “ከሰው ዓይን ይጠብቅሽ” እል ነበር። ዛሬ እዚያ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ።

ያሳደገችሽ፣ የበደለችሽ፣
እህትሽ